ከፕሮስቴት ኦፕራሲዮን በኋላ ሽንት ሲያመልጥ፦ ጡንቻውን ማግኘትና ማሠራት

ከፕሮስቴት ካንሰር ኦፕራሲዮን በኋላ ካቴተሩ የሚወጣበት ቀን ተናፍቆ የሚጠበቅ ቀን ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቱቦና ከረጢት ይዞ መዞር ያበቃል። ሰውየው ሱሪውን አጥልቆ ከአልጋው ብድግ ሲል ግን ሽንቱ ሳያስበው ይወርዳል። ሊይዘው ይሞክራል፤ አልያዝ ይለዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ አስቦበት የማያውቀው ነገር በአንድ ጊዜ ከቁጥጥሩ ወጣ።

አስቀድሞ የነገረው ሐኪም ወይም ነርስ ካለ ደንግጦ ያልፈዋል። ያልተነገረው ግን «አበላሹኝ» ይላል። ከዚያ ቤት መዋል ይጀምራል። ሰርግ ይቀራል፣ ዕድር ይቀራል፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይቀራል። ልጆቹ «አባባ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ጸባዩ ተለወጠ» ይላሉ። ጸባዩ አልተለወጠም። እርጥበቱና ሽታው እንዳይታወቅበት ከሰው እየሸሸ ነው።

ይህን የምጽፈው ለእነዚህ አባቶች፣ ለባለቤቶቻቸውና ለልጆቻቸው ነው። ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። የሚሻለው ደግሞ አንድ የታወቀ ጡንቻ አዲሱን ሥራውን ሲለምድ ነው። ልምምዱን ጀምረው «ምንም አልሠራልኝም» ብለው የሚተዉ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ ልምምዱን አሳንሰው አይደለም፤ ሌላ ጡንቻ ሲያሠሩ ከርመው ነው።

ውስጥ የሆነው ምንድን ነው?

ፕሮስቴት የወንዶች እጢ ነው። ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቧንቧውን ዙሪያውን ይከበዋል። ሽንት ከፊኛው ወጥቶ ወደ ውጭ የሚሄደው በእጢው መሐል አልፎ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ዘበኞች አሉ። የላይኛው የፊኛው አንገት ላይ ነው ያለው። እሱን የሚያዘው የለም። ተኝተንም ነቅተንም በራሱ ዘግቶ ያድራል፣ ዘግቶ ይውላል። የታችኛው ከእጢው በታች ነው። ይኼኛው ትእዛዝ ይሰማል። ሽንት አጣድፎን ሽንት ቤት እስክንደርስ ጥርሳችንን ነክሰን የምንይዘው በእሱ ነው።

ለካንሰር ሲባል እጢው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ በውስጡ የሚያልፈው የቧንቧ ክፍልም አብሮ ይወጣል። የላይኛው ዘበኛ ወይ አብሮ ይሄዳል ወይ በጣም ይዳከማል። ሐኪሙ ፊኛውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ከቀረው ቧንቧ ጋር ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው በሙሉ የሚወድቀው የታችኛው ላይ ነው። እሱ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ዋናውን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ አያውቅም። በዚያ ላይ አካባቢው አብጧል፣ ነርቮች ተነካክተዋል፣ ቱቦ ከርሞበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያቅተው አይገርምም።

የታችኛውን ዘበኛ ዙሪያውን የሚያግዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይባላሉ። ከፊት ካለው የብልት አጥንት ተነስተው ከኋላ እስከ ጭራ አጥንት ይዘረጋሉ። ፊኛንና አንጀትን ከሥር ደግፈው ይይዛሉ። በፈቃዳችን የሚታዘዙ ስለሆኑ በልምምድ ይጠነክራሉ። ተስፋው ያለው እዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለይ። በአገራችን «ፕሮስቴት ኦፕራሲዮን ሆነ» ከሚባለው ሰው ብዙው ካንሰር ኖሮበት አይደለም፤ እጢው በዕድሜ አብጦ ሽንት ስለከለከለው ነው። ያ ሌላ ኦፕራሲዮን ነው። እጢው ሙሉ በሙሉ አይወጣም። መተላለፊያውን የዘጋው የውስጡ ክፍል ብቻ በሆድ በኩል ተከፍቶ ወይም በሽንት ቧንቧ በሚገባ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል። ከዚያም በኋላ ሽንት ሊያመልጥ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን «መጣ መጣ» እያለ የሚያስቸኩል ዓይነት ነው፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥም እየቀነሰ ይሄዳል። ልምምዱ ለእነሱም ይጠቅማል። ከካንሰር ኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ግን ረዘም ያለና ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለሆነ የማተኩረው እዚያ ላይ ነው።

የሚያመልጠው መቼ ነው?

ሆድ ውስጥ ግፊት በጨመረ ቁጥር። ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ከልብ ሲስቁ፣ ዕቃ ሲያነሱ፣ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ። ብዙዎችን የሚያማርረው ግን ከተቀመጡበት መነሳት ነው።

ለቅሶ ቤት የተቀመጡ አንድ አባት እናስብ። ድንኳን ውስጥ ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። እሳቸውም ይነሳሉ። ሲነሱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተጭነው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ ሆዳቸውን ወጥረው ነው። የተወጠረው ሆድ ፊኛውን ከላይ ይጫነዋል። የታችኛው ጡንቻ ምንም አልተነገረውም፤ ልል ብሎ ነው ያለው። ጠብ ይላል። «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ተባብለው ይቀመጣሉ። አፍታ ሳይቆይ ሌላ ሰው ይገባል። እንደገና ብድግ። ድንኳኑ ውስጥ ብዙ ሳይቆዩ ሱሪያቸው ርሷል፤ ነጠላቸውን ወደ ፊት ስበው ይሸፍኑታል።

እኚህ አባት ጡንቻቸው ደካማ ስለሆነ ብቻ አይደለም የራሱት። ጡንቻው ከግፊቱ በኋላ ነው የደረሰው። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ከልምምዱ ሁሉ ቶሎ ለውጥ የሚያሳየው ይህን ማስተካከል ነው።

ሌላው የቀኑ ሰዓት ነው። መሻሉ ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚደርቀው ሌሊቱ ነው፤ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ይቀንሳልና። ቀጥሎ ተቀምጦ ሲውሉ ይደርቃል። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ቆሞ መሄድ ይቻላል። ከሰዓት በኋላና አመሻሹ መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ ጡንቻው ሲሠራ ውሎ ይደክማልና። «ጠዋት ደህና ነኝ፣ ማታ ማታ ይብስብኛል» የሚል ሰው ወደ ኋላ እየተመለሰ አይደለም። መንገዱን በትክክል ይዞታል።

ጡንቻውን ማግኘት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ። እግርዎ መሬቱን ወይም ፍራሹን ይርገጥ። ሆድዎን፣ ጭንዎንና መቀመጫዎን ያላሉ። አንድ እጅዎን ከእምብርት በታች ሆድዎ ላይ ያድርጉ። አሁን ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ ለማቆም እንደፈለጉ ያስቡ። ወይም ብልትዎን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው ለማሳጠር ይሞክሩ። ከውስጥ፣ ከፊት በኩል፣ ትንሽ ወደ ላይና ወደ ውስጥ የሚሳብ ነገር ይሰማዎታል። ያ ነው።

ብዙ ቦታ «ፈስ እንዳያመልጥህ አድርገህ ያዝ» እየተባለ ነው የሚነገረው። ስህተት አይደለም፤ ግን እሱ ይበልጥ የሚያሠራው በፊንጢጣ ዙሪያ ያለውን የኋላውን ጡንቻ ነው። የወንዶችን ጡንቻ በአልትራሳውንድ እያዩ የተሠሩ ጥናቶች የሽንት ቧንቧውን የሚዘጋው የፊተኛው ጡንቻ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው «ብልትህን አሳጥር» የሚል ትእዛዝ ሲሰጥ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ሐሳብዎን ወደ ፊት ያምጡት። ብዙ ወንድ ጓደኞቼ ይህን አንድ ቃል ከሰሙ በኋላ ነው «አሃ፣ ይኼ ነው እንዴ!» ያሉት።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ልብስዎን አውልቀው መስታወት ፊት ይቁሙ። በትክክል ሲይዙ የብልትዎ ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የዘር ፍሬዎችዎም ትንሽ ከፍ ይላሉ። ለአይን የሚታይ ነው። መቀመጫዎ ግን መጨበጥ የለበትም። ጭንዎ መግጠም የለበትም። ትከሻዎ መነሳት የለበትም። ሆድዎ ላይ ያለው እጅ ወደ ውጭ ከተገፋ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሠሩት፤ እያማጡ ነው። ያ ሽንቱን ወደ ታች ይገፋል፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ትንፋሽም ይታይ። ጡንቻውን ሲይዙ ትንፋሽ መያዝ የብዙ ሰው ልማድ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ድምፅ አውጥተው ይቁጠሩ። እየቆጠረ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው የለም።

ሽንት እየሸኑ መሐል ላይ ማቆምን ጡንቻውን ለመለየት አንድ ጊዜ መሞከር ይቻላል። የዘወትር ልምምድ ግን አያድርጉት። ፊኛው አጥርቶ ባዶ እንዳይሆን ሊያስለምደው ይችላል። ካቴተሩ ገና ያልወጣለት ሰው ደግሞ ልምምዱን አይጀምር፤ ቱቦው እስኪወጣና ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይጠብቅ። በተቃራኒው ኦፕራሲዮኑ ገና ያልተሠራለትና ቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ካለ ዛሬውኑ ቢጀምር ጥሩ ነው። ቁስልና ሕመም ሳይኖር ጡንቻውን መለየት በጣም ይቀላል።

ልምምዱ በብዙ አገር «ኬግል» በሚል ስም ይታወቃል። አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም በ1948 እ.ኤ.አ. ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች ብሎ ያስተዋወቀው ነው። የወንዶች የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶችም ዛሬ ከወሊድም ከማህፀን ኦፕራሲዮንም በኋላ ይሠሩታል። እኛ አገር ፌስቱላ የሚባለው ጉዳት አለ፤ ምጥ ረዝሞ በፊኛና በብልት መሐል ቀዳዳ ሲከፈት ማለት ነው። ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን አዲስ አበባ ላይ የፌስቱላ ሆስፒታሉን የከፈቱት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ቀዳዳው በኦፕራሲዮን ከተዘጋላቸው በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው ሴቶች አሉ፤ ቀዳዳው ቢዘጋም የተጎዳው መያዣ ቶሎ አይድንምና። ለእነሱም ፊዚዮቴራፒ የሕክምናው ክፍል ነው። ያልተዘጋ ቀዳዳን ግን ልምምድ አይዘጋውም፤ ኦፕራሲዮን ነው የሚያስፈልገው። ይህን የምለው «ስፖርት ሥሪ ይሻልሻል» ተብላ ቤቷ የምትቀር እህት እንዳትኖር ነው።

ምን ያህል?

የዳሌ ወለል ጡንቻ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ ለረጅም ጊዜ በዝግታ መያዝ ነው፤ ቆመን ስንውል የሚጠቅመን። ሌላው በቅጽበት መጨበጥ ነው፤ ሳል ሲመጣ የሚደርስልን። ስለዚህ ሁለቱም ይሠራሉ።

ዝግ ያለው እንዲህ ነው። ጡንቻውን ይያዙ፤ ሳይለቁ ይቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ወይም አምስት ድረስ መያዝ ከቻሉ ይበቃል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፤ የያዙትን ያህል ጊዜ ይረፉ። መልቀቁም የልምምዱ ክፍል ነው፤ ሳይለቁ ደጋግሞ መጨበጥ ጡንቻውን ያደክመዋል እንጂ አያጠነክረውም። እየቆየ እስከ 10 ሴኮንድ መያዝ፣ 10 ሴኮንድ ማረፍ፣ እንዲህ እያሉ 10 ጊዜ መድገም ነው ግቡ። ፈጣኑ ደግሞ ጨበጥ ለቀቅ፣ ጨበጥ ለቀቅ፣ እሱም 10 ጊዜ። ሁለቱን በቀን ሦስት ጊዜ ይሥሩ። አንዱ ዙር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መጀመሪያ ተኝተው ነው። ሲለምዱት ተቀምጠው። ከዚያ ቆመው። ቆሞ መሥራቱ ከባድ ነው፤ ግን ሽንቱ የሚያመልጠው ቆመው ስለሆነ እዚያ መድረስ የግድ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ ቀን ወንበር ላይ፣ ማታ ዜና ሲያዩ እያሉ ከአንድ ነገር ጋር ካያያዙት አይረሳም። ጸሎት የሚያዘወትር ሰው ከጸሎት ሰዓቱ አስቀድሞ ወይም አስከትሎ ቢያደርገው ሰዓቱ በራሱ ያስታውሰዋል።

ከመጠን ማለፍም አለ። አንዳንድ አባቶች ነገር ሲጀምሩ አያውቁበትም፤ በቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ጊዜ ይጨብጣሉ። ማታ ላይ ከጠዋቱ ይልቅ ይርሳሉ፣ ከወገብ በታች ያማቸዋል። በትክክል የተሠራ ጥቂት ይበልጣል። በልምምዱ ጊዜ ሕመም ከመጣ ይቁም፤ ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒስት ይነገር።

ከግፊቱ መቅደም

ወደ ለቅሶ ቤቱ ልመለስ። እኚያ አባት ሲነሱ ማድረግ የነበረባቸው ይህ ነው። ወደ አግዳሚው ጫፍ መጠጋት። እግርን ወደ ውስጥ መሳብ። ጡንቻውን መያዝ። እንደያዙ፣ ትንፋሽ እያወጡ መነሳት። ቆመው ሁለት ሦስት ሴኮንድ ሳይለቁ መቆየት፤ ከዚያ መልቀቅ። ሲቀመጡም እንደዚያው። በአጭሩ መጀመሪያ ይያዙ፣ ከዚያ ይነሱ።

ሳልም ቢሆን ሲመጣ ይታወቃል። ጉሮሮ ሲከረክር ጡንቻውን ቀድመው ያዙት፣ ከዚያ ያስሉ። ልጅ ከመሬት ሲያነሱ፣ ጀሪካን ሲያነሱ፣ ከታክሲ ሲወርዱ፣ ከስግደት ቀና ሲሉ፣ ሁሉም ላይ ያው ነው። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ማሰብ አድካሚ ነው። በወራት ውስጥ ግን ሰውነት ይለምደዋል፤ ሳያስቡት ያደርጉታል። ይህ ልማድ ሳይገባ በቀን ሦስት ጊዜ ተኝቶ መሥራት ብቻውን ሙሉ ጥቅም አይሰጥም። ጡንቻው የሚፈለገው ምንጣፍ ላይ አይደለም፤ ድንኳኑ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ከባድ ዕቃ ማንሳት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለስድስት ሳምንት ገደማ መከልከሉ የተለመደ ነው። ስግደትም ቁስሉ እስኪጠና ይቆይ፤ የንስሐ አባትም ሆኑ ኢማም ለታመመ ሰው የሚሉት አላቸው፣ ይጠየቁ። ከጸሎት ቤት ሙሉ በሙሉ ከመቅረት መጠየቅ ይሻላል።

ቡናው፣ ውኃውና መድኃኒቱ

ጡንቻውን እያጠነከሩ ፊኛውን የሚያስቆጣ ነገር ማብዛት ሥራውን ያከብደዋል። ከሁሉ በፊት የሚነሳው ቡና ነው። ካፌይን ፊኛን ያስቸኩላል። ቡና መተው ለእኛ ሰው ከባድ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቡናው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱም ጨዋታውም አለበት። ስለዚህ አይተዉ፤ ይሞክሩት። ለሁለት ሳምንት ከቡናው ዙሪያ ሳይቀሩ አንድ ስኒ ብቻ ይጠጡ፤ ቶናውና በረካው ሲመጣ ይለፉት። ሻይና ኮካም ካፌይን እንዳላቸው አይርሱ፤ እነሱንም ይቀንሱ። ለውጥ ካዩ ያውቁታል። ካላዩ ቡናዎን ይጠጡ። ቢራ፣ ጠጅና አረቄ ደግሞ ሽንት ያበዛሉ፤ ጡንቻውንም ንቁ አያደርጉትም።

ውኃ መቀነስ ግን ስህተት ነው። «ካልጠጣሁ አይወጣም» ብሎ ውኃ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ሽንቱ ይወፍራል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ፊኛውን ይለበልበዋል፤ ሆድም ይደርቃል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮበት ሐኪም ካልገደበው በስተቀር በቀን ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሊትር መጠጣት ይመከራል። ከመኝታ በፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዓታት ማሳነስ ይቻላል።

የሆድ ድርቀት ይታከም። ሽንት ቤት ተቀምጦ ማማጥ የዳሌ ወለሉን ወደ ታች ይገፋል፤ ቀኑን ሙሉ የሠሩትን ያፈርሳል። ተልባ፣ አትክልት፣ ውኃና እርምጃ ለብዙ ሰው ይበቃሉ።

ሽንት ባይመጣም «ለማንኛውም» እያሉ በየግማሽ ሰዓቱ ሽንት ቤት መሄድም አይበጅም። ፊኛው በትንሹ መጣደፍን ይለምዳል። ሲያስቸኩልዎት ቁጭ ይበሉ፤ አምስት ስድስት ጊዜ ጨበጥ ለቀቅ ያድርጉ፤ ማስቸኮሉ ጋብ ሲል ረጋ ብለው ይሂዱ። ቀስ በቀስ በሦስትና በአራት ሰዓት አንዴ መሽናት ላይ ይደርሳል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ስሙን ይመልከቱ። ኢናላፕሪልና የእሱ ወገን የሆኑት መድኃኒቶች በአንዳንድ ሰው ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ቀኑን ሙሉ የሚያስል ሰው ቀኑን ሙሉ ይርሳል። ላሲክስን የመሰሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶችም አሉ። በራስዎ አያቁሙ፤ አደገኛ ነው። ለሐኪምዎ ግን ይንገሩ፤ የሚለወጥ ሊኖር ይችላል። ሲጋራም ያው ነው፤ ሳሉ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ከፍ ሲል ሽንቱም ይበዛል።

ሞዴስ፣ ዳይፐርና ትዳር

እስኪሻል ድረስ መጠቀሚያ ያስፈልጋል፤ አያሳፍርም። ፋርማሲ የአዋቂ ዳይፐር አለ። ውጭ አገር ያላችሁ ከፊት በኩል ወፈር ብሎ ለወንድ የተሠራ ፓድ በየሱፐርማርኬቱ ታገኛላችሁ፤ አገር ቤት ላለ አባት ሲላክ ከቫይታሚን ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ያጣ ሰው የሴቶች ሞዴስ ወይም ንጹሕ ጨርቅ በጠበቅ ያለ የውስጥ ሱሪ ይዞ ይወጣል። ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ በውኃ ታጥቦ ማድረቅ፣ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ቆዳውን ከመቁሰል ያድነዋል። ከቤት ሲወጡ ቅያሪ ሱሪና ላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፤ ጥቁር ሱሪ ይልበሱ። ይህ ያለው ሰው ለቅሶም ሰርግም ይሄዳል።

መሻልዎን ማወቅ ከፈለጉ በስሜት አይለኩት። የኩሽና ዲጂታል ሚዛን ካለ ደረቁን ፓድ ይመዝኑ። የቀኑን እርጥብ ፓዶች በላስቲክ አድርገው ይመዝኑ፣ የደረቁን ይቀንሱ። አንድ ግራም አንድ ሚሊሊትር ነው። በሳምንት አንድ ቀን መዝኖ መጻፍ ይበቃል። 400 የነበረው 250 ከሆነ ሱሪው ዛሬም ቢርስ እየተሻለ ነው። ሚዛን ከሌለ በቀን ስንት ጊዜ እንደለወጡ ይጻፉ።

በትዳር በኩልም ያለው ይነገር። በግንኙነት ጊዜ ሽንት ጠብ ሊል ይችላል። ቀድሞ መሽናትና ፎጣ ማንጠፍ ይረዳል። የብልት መቆም መዳከምም ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ የታወቀ ነው፤ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው፤ ለሐኪሙ ሊነገር ይገባል። ባለቤቶችም ይህን ካወቁ ዝምታውን «ጠላኝ» ብለው አይተረጉሙትም።

እስከ መቼ?

ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግልጽ ለውጥ ያያል። አብዛኛው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ደርቆ ወይም ሊደርቅ ተቃርቦ ይገኛል። ዕድሜው የገፋ፣ ክብደቱ የበዛ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊትም ሽንት ያመልጠው የነበረ ወይም ጨረር የተጨመረለት ሰው ሊዘገይ ይችላል። ልምምዱን በተመለከተ ጥናቶቹ ሙሉ በሙሉ አይስማሙም። ቶሎ እንዲደርቁ ይረዳል የሚሉ አሉ፤ ዓመት ሲሞላ ግን በሠራውና ባልሠራው መሐል ያለው ልዩነት ይጠባል የሚሉም አሉ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ወጪ የለውም፣ በትክክል ከተሠራ አይጎዳም፣ እነዚያን ከባድ ወራት ማሳጠር ከቻለ መሥራቱ ተገቢ ነው። ሰው ሳያሳይ በወረቀት ብቻ ከመሥራት አንድ ጊዜ እንኳ ለፊዚዮቴራፒስት መታየት ይመረጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት የሚባሉ አሉና ሐኪማችሁ እንዲልካችሁ በስሙ ጠይቁ፤ አማርኛ አስተርጓሚ አለ ወይ ብሎ መጠየቅም ይቻላል፤ በዚህ ጉዳይ ልጅን ከማስተርጎም ይሻላል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ የሚኬድባቸው ነገሮችም አሉ። ሽንት ጨርሶ እምቢ ካለ። የሽንቱ አወራረድ እየቀጠነ፣ እየተቆራረጠ ከሄደ፤ የተሰፋው ቦታ ጠቦ ሊሆን ይችላል፣ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ሽንት ያመለጠ ሊመስል ይችላል። ትኩሳት፣ ማቃጠል፣ የረጋ ደም ካለ። ደርቆ ከርሞ በድንገት ከባሰ።

ጡንቻው በደንብ ተሠርቶ፣ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተጠብቆ፣ ሰውየው አሁንም በቀን ብዙ ፓድ የሚለውጥ ከሆነ ሌላ ኦፕራሲዮን አለ። መጠነኛ ለሆነው ቧንቧውን ከሥር ደግፎ የሚይዝ መረብ ይሰፋል። ከባድ ለሆነው ሰው ሠራሽ የሽንት መያዣ አለ፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰው ላይ ሲሠራበት የቆየ ነው። በፈሳሽ የተሞላ ቀለበት ቧንቧውን ጨብጦ ይይዛል። ትንሽ ፓምፕ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ትቀመጣለች። መሽናት የፈለገ ሰው እሷን ሲጫን ፈሳሹ ከቀለበቱ ይወጣል፣ ሽንት ይፈስሳል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ቀለበቱ በራሱ ይዘጋል። ከውጭ የሚታይ ነገር የለውም። ውድ ነው፣ በሁሉም ቦታ አይሠራም፣ እጁ በደንብ የሚታዘዝለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ነገር ሐኪም ለማነጋገር ሲሄዱ በየሳምንቱ የጻፉትን የፓድ ክብደት ወይም ቁጥር፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የኦፕራሲዮኑን ቀን የያዘ ወረቀት ይዘው ይግቡ። መጀመሪያ የሚጠየቁት እነዚህን ነው።